በእሾህ የተከፈተ ምሥጢር
የኢልያ ሜችኒኮፍ ሕይወትና ሥራ

በፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ ከተማ አቅራቢያ በቁሐር ሚካኤል፣ የሩዝ ማሳውን ሲያርም የዋለ ገበሬ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ እግሩ ላይ እሾህ ተሰክቶ ቢያገኝ አይደነግጥም። ወስፌ ወይም ሌላ እሾህ ፈልጎ ያወጣዋል። ስባሪው ሥጋ ውስጥ የቀረ እንደ ሆነ ግን በማግሥቱ ቦታው ይቀላል፤ ያብጣል፤ ይሞቃል፤ ይጠዘጥዛል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይመግላል። መግሉ ሲፈርጥ ስባሪው አብሮ ይወጣና እግሩ ይድናል። አንዳንዱ ቁስል ምንም ምልክት ሳይተው ይሽራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ዕድሜ ልክ የማይጠፋ ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል።

ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን እብጠቱ ከየት መጣ፣ መግልስ ምንድን ነው፣ አንዱ ቁስል ያለ ጠባሳ ሲድን ሌላው ስለምን ጠባሳ ይተዋል ብሎ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው። ከጠየቁትም መካከል የመልሱን በር የከፈተው አንድ ሊቅ ሲሆን፣ በሩን የከፈተበት መሣሪያ ራሱ እሾህ ነበረ። ይህም ሰው ኢልያ ሜችኒኮፍ ይባላል። ዛሬ የምንተርከው የእርሱን ሕይወት ነው። በትረካችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንወዳለን።

ሜችኒኮፍ በ1845 ዓ.ም. በግንቦት ወር በካርኮፍ አውራጃ ተወለደ። አገሩ ዛሬ ዩክሬን ይባላል፤ ያን ጊዜ ግን በሩሲያ ቄሣር ግዛት ሥር ነበረ። አባቱ የንጉሠ ነገሥቱ የክብር ዘበኛ መኰንን የነበረ ባለ ርስት ሲሆን፣ እናቱ ከአይሁድ ወገን የምትወለድ አስተዋይ ሴት ነበረች። ኢልያ ከአምስት ልጆች የመጨረሻው ነው። ገና ሕፃን ሳለ አበባና ቅጠል እየሰበሰበ፣ ወንድሞቹንና የመንደሩን ልጆች አስቀምጦ ስለ ዕፀዋት ያስተምራቸው ነበር። ልጆቹ ሰልችቷቸው እንዳይነሡበትም ከኪሱ ሳንቲም ይከፍላቸው ነበር ይባላል።

ወደ ካርኮፍ ዩኒቨርሲቲ በገባ ጊዜ የአራቱን ዓመት ትምህርት በሁለት ዓመት ፈጽሞ፣ በ1864 ዓ.ም. በ19 ዓመቱ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ወደ ጀርመንና ወደ ኢጣልያ ሄዶ በባሕር ዳር የሚገኙትን ትንንሽ እንስሳት መረመረ። በ1865 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ ትል አካል ውስጥ ሕዋሳት ምግባቸውን እየዋጡ በውስጣቸው ሲፈጩት አየ። ያየውን መዝግቦ አለፈ። ከ17 ዓመት በኋላ ግን ይህች ትንሽ ማስታወሻ የሕይወቱ ሁሉ መነሻ ሆና ተገኘች። በ22 ዓመቱ በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሲሆን ከተማሪዎቹ መካከል በዕድሜ የሚበልጡት ነበሩ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የአንድ ብልህ ወጣት የስኬት ታሪክ ነው። የቀጠለው ግን መከራ ሆነ። በ1869 ዓ.ም. ሉድሚላ የምትባል ወጣት አገባ። ሙሽራይቱ በሳንባ ነቀርሳ ታማ ስለ ነበር፣ በሠርጓ ዕለት በእግሯ መሄድ ተስኗት በወንበር ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን አገቧት። የሳንባ ነቀርሳ በዚያን ጊዜ መድኃኒት አልነበረውም፤ በሽታውን የሚያመጣው ጀርም እንኳ ገና አልታወቀም ነበር። ባልየው ሚስቱን ለማዳን ሲል ፀሐይ ወዳለበት አገር ሁሉ ይዟት ዞረ። ለመድኃኒትና ለመንገድ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ሌሊት ሌሊት መጽሐፍ እየተረጐመ ዓይኑን አደከመ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሉድሚላ በ1873 ዓ.ም. በማዴራ ደሴት ላይ አረፈች።

ሜችኒኮፍ ከዚህ በኋላ መኖር አልፈለገም። ራሱን ለመግደል ብዙ መርዝ ወሰደ፤ መርዙ ከመጠን ያለፈ ስለ ነበር አስታወከውና ተረፈ። በጄኔቭ ከተማ ሳለ በሌላ መንገድ ሞትን ሊፈልግ ወጥቶ በሮን ወንዝ ድልድይ ላይ ሲያልፍ፣ በፋኖሱ ዙሪያ የሚርመሰመሱ ክንፋም ነፍሳት አየ። እነዚህ ፍጥረታት ዕድሜያቸው እጅግ አጭር ሆኖ ሳለ የተፈጥሮ ምርጫ ሕግ በእነርሱ ላይ እንዴት ሊሠራ ይችላል ብሎ ማሰብ ጀመረ። በዚህ ሐሳብ ተይዞ ወደ ማደሪያው ተመለሰ። ሞት ሊፈልግ የወጣ ሰው ጥያቄ ይዞ ገባ ማለት ነው።

በ1875 ዓ.ም. ኦልጋ የምትባለውን ወጣት አገባ። እርሷም ዕድሜ ልኩን በሥራው ስትረዳው ኖረች፤ ከሞተም በኋላ የሕይወት ታሪኩን የጻፈችለት እርሷ ናት። ነገር ግን በ1880 ዓ.ም. ኦልጋ በተስቦ ታመመችና ለሞት ቀረበች። በዚያም ላይ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፖለቲካ ጠብ ነበረ። ሜችኒኮፍ እንደገና ተስፋ ቈረጠ። በ1881 ዓ.ም. የሚያገረሽ ትኩሳት ከያዘው በሽተኛ ደም ተወስዶ ወደ ራሱ ሰውነት እንዲገባ አደረገ። የሚሞት ከሆነ ሞቱ ለሕክምና ትምህርት እንዲጠቅም አስቦ ነው። በሽታው ክፉኛ ጣለው፤ ሆኖም ሳይሞት ቀረ። ሲድንም የሕይወት ፍቅር ተመለሰለት።

ይህ በልብስ ቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ከሩሲያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከኢትዮጵያ ግን ገና አልወጣም። በክረምት ወራት ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት ቦታ ይነሣል። የበሽታውም ጠባይ እንግዳ ነው። ፔኒሲሊን የተሰጠው በሽተኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ትኩሳቱ ይብሳል፤ የደሙ ግፊት ይወርዳል፤ አንዳንዱም በዚሁ ይሞታል። መድኃኒቱ ገዳይ ሆኖ አይደለም። ደም ውስጥ የነበረው ጀርም ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲሞት፣ የሚውጡት የደም ሕዋሳት በድንጋጤ ብዙ የማስጠንቀቂያ ኬሚካል ስለሚረጩ ነው። በ1996 ዓ.ም. የታተመ በአዲስ አበባ የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው፣ ከኬሚካሎቹ አንዱን የሚያከሽፍ መድኃኒት አስቀድሞ ሲሰጥ ድንጋጤው ይቀንሳል። እንግዲህ ጠላትን መግደል አንድ ነገር ነው፤ ሬሳውን ማንሣት ሌላ ነገር ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ሜችኒኮፍ በ1882 ዓ.ም. ከኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ለቀቀና ቤተሰቡን ይዞ በሲሲሊ ደሴት ወደምትገኘው ወደ መሲና ሄደ። አንድ ቀን ቤተሰቡ ሁሉ የሠለጠኑ ዝንጀሮች ለማየት ወደ ሰርከስ ሲሄዱ እርሱ ከማይክሮስኮፑ ጋር ብቻውን ቀረ። የሚመለከተው የባሕር ኮከብ የሚባለውን እንስሳ ጫጩት ነበር። ጫጩቱ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ስለሚያሳልፍ በሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታያል። በውስጡ ከቦታ ቦታ የሚንከራተቱ ሕዋሳት ነበሩ። በዚህን ጊዜ አንድ ሐሳብ ድንገት መጣለት፤ እነዚህ ተንከራታቾች ምግብ እንደሚውጡ ሁሉ ወራሪንም ሊውጡ አይችሉምን?

ሐሳቡ እውነት ከሆነ በጫጩቱ ሥጋ ውስጥ ባዕድ ነገር ቢሰካ ሕዋሳቱ ሊከቡት ይገባል። ስለዚህ ወደ ግቢው ወጥቶ ከጽጌረዳ ተክል ትንንሽ እሾህ ቀጠፈና በጫጩቱ ቆዳ ሥር ሰካ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ማለዳ ተነሥቶ በማይክሮስኮፑ ሲመለከት እሾሁ በሕዋሳት ተከቦ አገኘው። ጫጩቱ የደም ሥር የለውም፤ ነርቩም እንደ እኛ አይደለም። ስለዚህ የእብጠት ሥሩ የደም መጉረፍ ሳይሆን የእነዚህ ሕዋሳት ዘመቻ መሆኑን ተረዳ። በቁሐር ሚካኤል ገበሬ እግርና በባሕር ኮከብ ጫጩት ላይ የሚሠራው ሕግ አንድ ነው።

ታላቁ የጀርመን ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሖ በዚያው ወራት በመሲና ነበረና ሥራውን አይቶ አበረታታው። ነገር ግን የዘመኑ ሐኪሞች ከዚህ የተቃረነ እምነት እንዳላቸው ነግሮ አስጠነቀቀው። ሐኪሞቹ ነጩ የደም ሕዋስ ጀርሙን ተሸክሞ በሰውነት ውስጥ የሚያሠራጭ ነው ብለው ያምኑ ነበርና። ከዚያም ሜችኒኮፍ በቪየና ሲያልፍ ሕዋሳቱ በግሪክ ቋንቋ ፋጎሲት፣ ማለት በላተኛ ሕዋስ፣ እንዲባሉ ምክር አገኘ። በ1884 ዓ.ም. ደግሞ ዳፍኒያ በምትባል የውኃ ውስጥ ትንሽ ፍጥረት ላይ ማስረጃውን አጠናከረ። በላተኞቹ የሻጋታውን መርፌ መሰል ዘር ውጠው የጨረሱላት ትድናለች፤ ካልቻሉ ግን ትሞታለች።

ብዙ ሰው ሜችኒኮፍን የሚያስታውሰው በዚህ የጦርነት ታሪክ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን ያየው ሌላ ነገር ነበረ። እንቁራሪት ጫጩት ሳለች ጅራት አላት፤ ስታድግ ግን ጅራቷ ይጠፋል። ወዴት ይሄዳል? ሜችኒኮፍ ሲመረምር በላተኞቹ ሕዋሳት የጅራቱን ጡንቻ ቀስ በቀስ እየዋጡ ሲያጸዱት አገኘ። እዚህ ጠላት የለም፤ ጀርም የለም፤ መግል የለም፤ ጠባሳም የለም። ያለው ጊዜው ያለፈበትን የራስን ሥጋ በጸጥታ ማንሣት ብቻ ነው። በ1892 ዓ.ም. ስለ እብጠት ባሳተመው መጽሐፍ እብጠት በሽታ ሳይሆን የሰውነት መከላከያ መሆኑን አስረዳ። አክሎም መከላከያው ፍጹም እንዳልሆነና አንዳንድ ጊዜ ባለቤቱን እንደሚጎዳ ገለጸ።

በ1886 ዓ.ም. በኦዴሳ የተቋቋመው የጀርም ምርመራ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ሜችኒኮፍ ሐኪም ስላልነበረ የከተማው ሐኪሞች ተቃወሙት። በ1888 ዓ.ም. ሁሉን ትቶ ወደ ፓሪስ ሄደ። ሉዊ ፓስተር በዚያ ዓመት በተከፈተው ተቋሙ ውስጥ ቦታ ሰጠው፤ እርሱም እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ለ28 ዓመታት በዚያ ሠራ። የፓስተር ስም ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ በጉለሌ ያለውን የጤና ምርምር ተቋም ሕዝቡ እስከ ዛሬ ፓስተር እያለ ይጠራዋል።

በፓሪስም ዕረፍት አላገኘም። የጀርመን ሊቃውንት ሰውነትን የሚከላከለው ሕዋስ ሳይሆን በደም ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ነው ብለው ተነሡ። በ1890 ዓ.ም. ቤሪንግና የጃፓኑ ኪታሳቶ የደም ውኃ የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ እንደሚያከሽፍ ባሳዩ ጊዜ የሜችኒኮፍ ነገር ያለቀለት መሰለ። እርሱ ግን ለእያንዳንዱ ክርክር አዲስ ምርመራ እየሠራ ሃያ ዓመት ያህል ታገለ። የሚያስመሰግነው አንድ ነገር አለ፤ በገዛ ቤተ ሙከራው ውስጥ ተማሪው ዡል ቦርዴ የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ የሚደግፍ ግኝት ሲያገኝ ሥራው ታተመ እንጂ አልታፈነም። በመጨረሻም ሁለቱም ወገን እውነት የያዘ ሆኖ ተገኘ። የደሙ ውኃ ጀርሙን ቀብቶ ያዘጋጃል፤ በላተኛው ይውጣል። ስለዚህ የ1908 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ለሜችኒኮፍና ለጀርመኑ ለፓውል ኤርሊኽ ተካፍሎ ተሰጠ።

በሽምግልናው ዘመን ስለ እርጅና አብዝቶ አሰበ። ሰው ቶሎ የሚያረጀው በአንጀቱ ውስጥ ያሉት ጀርሞች በሚያወጡት መርዝ ነው ብሎ ስላመነ በየዕለቱ የረጋ ወተት ይጠጣ ነበር። እርጎን በዓለም ዙሪያ ያስወደደው ይህ ትምህርቱ ነው። የፎገራ ላም ወተት ሲረጋ ዕድሜ ያስረዝማል የሚል ማስረጃ ግን እስካሁን አልተገኘም፤ ታላቅ ሰውም ይሳሳታል። በ1909 ዓ.ም. ወደ ሩሲያ ተመልሶ ደራሲውን ሌዎ ቶልስቶይን ጐበኘ። በ1914 ዓ.ም. የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወጣት ረዳቶቹ ወደ ጦር ሜዳ ሄዱና ቤተ ሙከራው ባዶ ቀረ። ልቡ ታሞ በሐምሌ 1916 ዓ.ም. በ71 ዓመቱ በፓሪስ ዐረፈ። ዐመዱ በፓስተር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል።

የጀመረው ነገር ግን አልሞተም። በ1972 ዓ.ም. በስኮትላንድ የነበሩ ሦስት ሊቃውንት አንዳንድ ሕዋሳት በሥርዓት ተጨማደው፣ ተቈራርሰውና ተጠቅልለው እንደሚሞቱ ገልጸው ይህን አሟሟት አፖፕቶሲስ ብለው ሰየሙት። ትርጓሜው የቅጠል መርገፍን ይመስላል። ጤነኛ በሆነ ሰው ሰውነት ውስጥ በየቀኑ 200 ቢሊዮን ያህል ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ብቻ በጣፊያና በጉበት ባሉ በላተኞች ይዋጣሉ። ሰውየው ግን ምንም አይሰማውም፤ አያተኩሰውም፤ አያብጥም።

ይህ ጸጥታ እንዴት ተገኘ? በሥርዓት የሚሞት ሕዋስ ቀድሞ በውስጠኛው ገጹ ደብቆት የነበረውን አንድ የስብ ዓይነት ወደ ውጭ ይገለብጠዋል። ይህም አንሡኝ የሚል ምልክት ነው። በላተኛው ምልክቱን አይቶ ይውጠዋል። በ1990ዎቹ ዓመታት የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው፣ በላተኛው እንዲህ ያለውን ሬሳ በዋጠ ጊዜ ጠባዩ ይለወጣል። የማስጠንቀቂያውን ኬሚካል ያቆማል፤ በምትኩ የሚያበርድና ጥገና የሚያዝዝ ኬሚካል ያወጣል። ሬሳው በጊዜው ካልተነሣ ግን ይፈነዳል። በውስጡ ያለው ሁሉ ይፈስሳል፤ ሌላ ዘመቻ ይጠራል፤ እብጠቱ መቆሚያ ያጣል። ጠባሳም ከዚህ ይመጣል። እብጠቱ በተደጋገመ ቁጥር ጥገናው ይደጋገማል፤ ጥገናው ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ለስላሳው ሥጋ ቦታውን ለጠንካራ ጅማት ይለቃል። ያው ጥገና የሚያዝዘው ኬሚካል በልኩ ሲሆን ያሽራል፤ ከልክ ሲያልፍ ያጠጥራል።

ይህ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ እንዳይመስለን ወደ አማራ ክልል ገጠር እንመልከት። የዓይን ማዝ የሚባለው በሽታ ሕፃኑን ደጋግሞ ይይዘዋል። የዓይኑ ቆብ ውስጠኛ ገጽ እየቆሰለ፣ እየዳነ፣ እንደገና እየቆሰለ በጠባሳ ይሸበሸባል። ልጁ አድጎ እናት ወይም አባት ሲሆን ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበውና ሽፋሽፍቱ የዓይኑን ብሌን ይፍቃል። እናቶች ሽፋሽፍቱን በወረንጦ እየነቀሉ ሥቃያቸውን ያስታግሳሉ፤ ፀጉሩ ግን መልሶ ይበቅላል። ዓይንን የሚያጠፋው የመጀመሪያው ጀርም ሳይሆን ሳይበርድ የተደጋገመው እብጠት የተወው ጠባሳ ነው። ስለዚህ የሕፃንን ፊት በውኃ ማጠብ ትንሽ ነገር አይደለም።

በፎገራ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። በ2005 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ብዙ ሰው በማያቋርጥ ትኩሳት ታመመ፤ ከሳ፤ ጣፊያው አበጠ። በመጀመሪያ ወባ መሰለ። የወባ መድኃኒት አልመልስ ሲለው ተመርምሮ ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። ይህ በሽታ ቀድሞ የሚታወቀው በሑመራና በመተማ ቆላ ነበር፤ ወደ ደጋው የመጣውም ለእርሻ ሥራ ወርደው ከተመለሱ ሰዎች ጋር እንደ ሆነ ይታመናል። የአዲስ ዘመን ከተማ ጤና ጣቢያ በሽተኞቹን ለመርዳት ማእከል ሆነ።

የካላ አዛር ጀርም ከሁሉ የሚያስገርመው መኖሪያው ነው፤ የሚኖረው በበላተኛው ሕዋስ ሆድ ውስጥ ነው። ሊቃውንት በአይጥ ላይ እንዳዩት፣ የአሸዋ ዝንብ ስትነክስ በመጀመሪያ የሚደርሱት ፈጥኖ ደራሽ ነጭ ሕዋሳት ጀርሙን ይውጡታል። እነርሱ ዕድሜያቸው አጭር ስለ ሆነ ወዲያው ይሞታሉ። ከዚያ ትልቁ በላተኛ ሬሳቸውን በጸጥታ ሊያነሣ ሲመጣ ጀርሙ አብሮ የሚገባ ይመስላል። የመነኩሴ ቆብ ደፍቶ ወደ ገዳም እንደሚገባ ሽፍታ ማለት ነው። የሰላሙ በር ለጠላት መግቢያ ይሆናል።

ሜችኒኮፍ ይህን ሁሉ አላወቀም። እርሱ ያየው እሾሁንና የእንቁራሪቷን ጅራት ነው። ግን ሁለቱን አንድ ላይ በማየቱ፣ ሰውነት የሚድነው ጠላቱን በመግደል ብቻ ሳይሆን የራሱን ሙታን በጊዜው በማንሣት ጭምር መሆኑን ለመረዳት መንገዱን ጠረገ። ሁለት ጊዜ ሞትን የፈለገ ሰው፣ ሕይወት በየቀኑ ከሞት ጋር እንዴት እንደምትስማማ አሳይቶን አለፈ።

የሕክምና ተማሪ የሆንክ ወጣት፣ ወይም በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት አዲስ የተመደብክ ሹም፣ ነገ በፎገራ ሜዳ ስታልፍ እግሩ ያበጠ ገበሬ ብታገኝ እብጠቱን እንደ ጠላት ብቻ አትየው። በዚያ ቀይ ቆዳ ሥር ዘመቻ አለ፤ ከዘመቻውም በስተኋላ ሬሳ አንሺዎች አሉ። የአንተ ድርሻ ስባሪው በንጹሕ መሣሪያ እንዲወጣ፣ ቁስሉ እንዲታጠብና አንሺዎቹ ሥራቸውን እንዲፈጽሙ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ገበሬው በሳምንቱ ወደ ማሳው ይመለሳል፤ እግሩም ጠባሳ ላይኖረው ይችላል።